የምስሉ ጥግ

«ሠላሳ ሺህ ፎቶ ያነሳ ሰው የራሱ አንድ ፎቶ ይጠፋል?» አለ የቀብር አስፈጻሚው፣ ባዶውን ጥቁር ክፈፍ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ።

«ሠላሳ? መቶ ሺህ በለው እንጂ!» አልኩት። የቶኩጂን ነገር ሲያሳንሱብኝ አልወድም።

ቶኩጂ የሞተው ትናንት ጠዋት ነው። ፊቱ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል። ሚስቱ ፉሚዬ መቀመጥ አቅቷታል። መሳቢያ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ለገባው እንግዳ ሁሉ ጎንበስ ብላ ሻይ ታቀርብና መልሳ መሳቢያው ጋ ናት። ዛሬ ማታ የቡድሃው መነኩሴ ሊጸልይለት ሲመጣ፣ ለቀብሩ በተዘጋጀው መሠዊያ ላይ የሟቹ ፊት መኖር አለበት። እስከ አስር ሰዓት የሚታተም ፎቶ ካልተገኘ ክፈፉ ባዶውን ሊቀመጥ ነው።

«የመንጃ ፈቃዱስ?» አልኳት።

«አቶ ኦሂራ፣ እሱ ላይ እኮ ፖሊስ የሚፈልገው ሌባ ነው የሚመስለው!»

ቶኩጂ በዕድሜው ሰው ፎቶ አንስቶ አያውቅም። በሰሜን ጃፓን፣ የሆካይዶን በረዶ፣ ኮረብታና ብቸኛ ዛፍ በጥቁርና ነጭ ብቻ። «ኮረብታ አያወራም» ይለኝ ነበር፣ እኔን እያየ።

እንግዶቹ ሻያቸውን ሲይዙ እኔ ጀመርኩ። የካሜራ ሱቅ አለኝ፤ በመላው ጃፓን ከእኔ በላይ ሌንስ የሚያውቅ ካለ አልተወለደም። «ያን ቀለም የማያይ ካሜራ ያስመረጥኩት እኔ ነኝ! ለሌንሱማ ሦስት ወር ተከራከርን!»

«ሦስት ሳምንት ነው» አለች ፉሚዬ ቁም ሣጥኑ ውስጥ እየፈለገች።

«ቀላሉ ሌንስ የምስሉን መሃል ብቻ ነው የሚያጠራው፤ ከባዱ ግን ጥጉንም። ‹ጥጉን ሳትፈትሽ እንዳትገዛ!› አልኩት።»

«እኔ ደግሞ ጥግ ማን ያያል ብዬ ስንቴ ተጣላሁት! ድንጋይ የሚያህል ሌንስ!» አለች።

«በረዶ ላይ እኮ ጥጉ ነጭ በነጭ ነው፤ የሆነ ነገር ካልቆመበት ጥራቱ አይታወቅም። እና እዚያ...»

ፉሚዬ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ራሱ ነበር የሚቆመው» አለች ቀስ ብላ። «እኔ የካሜራውን ቁልፍ እጫናለሁ፤ እሱ በረዶውን እየጣሰ ከጥግ ጥግ ይሮጣል።»

«ታዲያ ፎቶ አለ!»

«እሱ ፎቶ አይደለም፤ ሙከራ ነው» አለች። ኮምፒውተሩን ግን ከእኔ ቀድማ ከፍታዋለች።

«የሚጣል» ተብሎ በተጻፈበት ማህደር ውስጥ አገኘነው። ነጭ ኮረብታ፤ በግራ፣ ታችኛው ጥግ ላይ ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር። አጎላሁት። ደግሜ አጎላሁት። ኮት ሆነ፣ ኮፍያ ሆነ፣ ቶኩጂ ሆነ። ቅንድቡ ላይ ያረፈው በረዶ እንኳ ይቆጠራል! አፉ ግን ተከፍቷል።

አስፈጻሚው ጉሮሮውን ጠረገ። «የሚጮህ ይመስላል። ለመሠዊያ እንኳ...»

«እየጮኸብኝ ነው» አለች ፉሚዬ። «‹እጅሽ ተንቀጠቀጠ፣ ድገሚው!› እያለኝ ነው። ይሄው ይሁን።» ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ የቶኩጂ ፊት ጎልቶ ታትሞ በክፈፉ ውስጥ መጣ። አስፈጻሚው በአበቦቹ መካከል፣ ልክ መሃሉ ላይ አቁሞት፣ ጥቁር ሪባኑን አስተካክሎ ወጣ።

ፉሚዬ ተነስታ ጥቂት አየችው። ከዚያ በአንዲት ጣቷ፣ ያንን ቁልፍ ትጫንባት በነበረችው ጣት፣ ክፈፉን ቀስ አድርጋ ወደ ግራ ገፋችው፣ የመሠዊያው ጥግ ላይ እስኪደርስ።