በአያ ቢተው ደረት የተገኘው ዱቄት

የወፍጮ ቤቱ አያ ቢተው ደረቱን ራጅ ቢነሳ፣ መንደሩ ዘመኑን ሁሉ ሲፈልገው የኖረው ዱቄት እዚያ ተገኘ።

እህል ሞልቶ ይሄዳል፣ ዱቄት ጎድሎ ይመለሳል፤ መሃል ላይ የቆመው ቢተው ነው። ስለዚህ ሌባው እሱ ነበር። ከከሳሾቹ ሁሉ የባሰችው እትዬ ዘርትሁን ናት። ምላሷ ከድንጋዩ ቀድሞ ይፈጫል፤ ወንዝ ማዶ ያለ ውሻ እንኳ ድምፅዋን ሲሰማ ጥፋቱን ያስታውሳል። ወፍጮው ሲዘጋ ሴቶቹን በር ላይ ታቆምና ቢተውን ኪሱን አስገልብጣ፣ ጋቢውን አስራግፋ ታሰናብተዋለች። ነፋስ ዱቄቱን እንዳይወስድ ብላ መስኮቱን ያስደፈነችውም እሷ ናት። አንድ ቀን አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ ብታየው፣ እጥፋቱ ውስጥ ሊደብቅ ነው ብላ ከፊቱ ገፈፈችው። ጨርቁን ለማስረጃ ሳጥኗ ውስጥ አኖረች። ቢተው ዳግመኛ አልሸፈነም።

ዘንድሮ አቧራና ብናኝ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎችን ደረት በራጅ የምታነሳ መኪና ጤና ጣቢያው ግቢ መጥታ ቆመች። ቢተው በየጥላው እያረፈ ደረሰ። ሴቶቹም ሌባ ሲመረመር ማየት ደግ ነው ብለው ተከተሉት። ባለሙያዋ ደረቱን ከሰሌዳው አስጠግታ ትንፋሽ አስያዘችው፤ ምስሉ ወዲያው ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ።

ዱቄቱ ሳንባው ውስጥ እንደ ጎተራ እህል ተደርድሯል። ጤፉ ከላይ ነጭ ሆኖ፣ ማሽላው ከሥሩ ቀላ ብሎ፣ የአንዲቷ የተዝካር ገብስ ብቻውን ጥግ ይዞ። ባለሙያዋ ይህ ለዓመታት የተሳበ ብናኝ መሆኑን፣ ሳንባውንም እንዳጠበበው አስረዳች። ስለ ቀለሙ ምንም አላለችም።

ሴቶቹ የየራሳቸውን ለዩ። ዘርትሁንም ሽሮዋን አልሳተችውም፤ ኮረሪማ እንዲያ የምታበዛ ሌላ ሴት የለችም።

«ይኼ የኔ ነው» አለች በቀስታ።

«ነው እንጂ» አለ ቢተው ሸሚዙን እየቆለፈ። «አቁማዳ ይዘሻል?»

ዘርትሁን ወደ ባለሙያዋ ዞረች፤ ዱቄቱ ይወጣለት እንደሆነ ጠየቀቻት።

«አይወጣም እናቴ። አፋቸውን ቢሸፍኑ ኖሮ ይህን ያህል ባልገባ ነበር።»

ያን ቀን የዘርትሁን ምላስ የሚፈጨው አጣ። ቤቷ ገብታ ሳጥኗን ከፈተች፤ ጨርቁን አጥባ፣ አድርቃ፣ አጣጥፋ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደች። ቢተው ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«አያ ቢተው፣ ጨርቅህን አመጣሁልህ።»

«ቆየሽ» አለ።

አክብሯት አፉ ላይ አሰረውና አንዴ ሳለ። ሲፈታው ሽሮዋ መሃሉ ላይ ተቆልሏል። አሁን ከድንጋዩ የወጣ ይመስል ይሞቃል፤ ኮረሪማው ይሸታል። ቢተው በእፍኟ ገለበጠላት።

ይብቃህ ልትለው ነበር። ዘወር ብትል ግን ሴቶቹ ባዶ ባዶ አቁማዳቸውን ይዘው፣ እንደ ወፍጮ ወረፋ በተራ ቆመዋል። ማንም ማንንም አይገፋም።

ቢተው ጨርቁን አራግፎ መልሶ አሰረና ለተረኛዋ ሊስል ትንፋሽ ሳበ። ሳበ፣ ሳበ፤ አልመለሰውም። ንፋስ አልነበረም፤ የሴቶቹ ነጠላ ጥለት ግን አንድ ሳይቀር ወደ አፉ ዘንበል ብሎ ቆመ።