የክንድ ልክ

ፋርሂያ ፕሮግራሙን እንደገና አስነሣችና ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ጠበቀች። ላፕቶፑ ዕጣ ማውጣት ጀመረ። የረሃብ ጉዳታቸውን ለማወቅ ክንዳቸው ከተለካ ሕፃናት መካከል በዘፈቀደ አንዱን ያነሣል፣ ልኩን ይይዛል፣ ሕፃኑን መልሶ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቅላል፤ ደግሞ ሌላ ያነሣል። የተለኩትን ያህል ሲሞላለት አማካዩን ያሰላና እንደ አዲስ ይጀምራል። አንዱ ሕፃን በአንዱ ዙር ሁለት ሦስቴ ይወጣል፣ በሌላው ዙር ጭራሽ አይወጣም። ይህ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም፣ አማካዩ በአጋጣሚ ብቻ ምን ያህል ከፍና ዝቅ ሊል እንደሚችል ይታወቃል። ሐዋሳ ስትማር መምህሯ ያስረዷቸው እንዲህ ነበር። ነገሌ ተመልሳ በእርዳታ ድርጅቱ ቢሮ ከተቀጠረች ወዲህ ግን ፕሮግራሙን ራሷ ጽፋ ስትሠራበት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ውጤቱ መጣ። በሊበን ወረዳ ድርቅ ክፉኛ ከመታቸው ቀበሌዎች በአንደኛው የሕፃናቱ ክንድ ካለፈው ልኬት ይልቅ ወፍሮ ተገኘ። በአጋጣሚ የመጣ ልዩነት አልነበረም። በሺው ዙር ሁሉ ማለት ይቻላል፣ የአሁኑ አማካይ ከቀድሞው በልጦ ወጣ።

መጀመሪያ ደስ አላት። የተላከው አልሚ ዱቄት ሥራውን ሠርቷል ብላ አሰበች። ወዲያው ግን ደስታዋ ጎረበጣት። ዝናቡ አልጣለም። በዚያ መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮች፣ ከግራና ከቀኝ ከወደቀው ከብት ሽታ የተነሣ መስኮት ዘግተው እንደሚነዱ ይናገራሉ። ከብቱ ያለቀበት አገር ሕፃን በምን ይወፍራል?

የሁለቱን ዙር መረጃ ጎን ለጎን አድርጋ አየችው። በመረጃው ላይ የሕፃናቱ ስም የለም፤ እያንዳንዱ የሚታወቀው በመለያ ቁጥር ነው። በመጀመሪያው ዙር ከነበሩት ብዙዎቹ በሁለተኛው የሉም። የጠፉትም እንዲሁ በዘፈቀደ አልነበረም። አብዛኞቹ የመለኪያው ጥብጣብ የአደጋ ምልክቱ ቀይ ላይ ያረፈባቸው፣ ከሁሉ የቀጠኑት ነበሩ።

ልኬቱን ለሚሠራው ለዋቅጋሪ ደወለች። ከኔትወርኩ ጋር እየታገሉ ጥቂት ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ የጠፉት ልጆች የት እንደደረሱ ጠየቀችው። የተረፈ ከብታቸውን ተከትለው የሄዱ ቤተሰቦች እንዳሉ ነገራት።

"ብዙ ናቸው የሄዱት?" አለችው።

"ጥቂት ናቸው።"

"ሌሎቹስ?"

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስሙን ጠራችው።

"ፋርሂያ፣ እኔ የምለካው ያገኘሁትን ነው" አላት።

ስልኩን ዘግታ ብዙ አልቆየችም። የጠፉትን ሕፃናት ከነቀድሞ ልካቸው ወደ አዲሱ መረጃ መለሰቻቸውና ፕሮግራሙን አስነሣችው። ሺህ ጊዜ ዕጣ ወጣ። መሻሻል የሚባል ነገር አልነበረም።

ሁለቱንም ውጤት ይዛ ወደ ቢሮ ኃላፊው ወደ አቶ ሸዋንግዛው ገባች። አቶ ሸዋንግዛው ክፉ ሰው አልነበሩም። አባታቸው ከሰሜን መጥተው ነገሌ ያስተማሩ መምህር ናቸው፤ እሳቸውም እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ ኦሮምኛውን እንደሷ የሚናገሩ ናቸው። ቆመው አዳመጧትና በሩን እንድትዘጋው በእጃቸው አመለከቷት። ከዚያ ያልጠበቀችውን ነገሯት። ያውቁ ነበር። የዱቄቱ ኮታ በተከፋፈለበት ስብሰባ ላይ የነበረ ሁሉ ያውቃል። የመጣው ዱቄት ለሁሉም ስለማይበቃ አንዳንዱ ቀበሌ መውጣት አለበት፤ የሚወጣው ደግሞ አማካዩ የተሻሻለው እንዲሆን ተስማምተዋል።

"የተሻሻለው እኮ ደካሞቹ ስላለቁ ነው" አለች ፋርሂያ።

"አዎ።"

"እነሱን አስገብቼ ሳሰላው..."

"የሞተ ልጅ ይበላል?" አሏት። ድምፃቸው አልከረረም። "ዱቄቱ የሚላከው ለሚበላ ነው። እዚያ የቀሩት ልጆች ከሌላው ቀበሌ ልጆች ይሻላሉ። ይህን ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ። ለእነሱ ስጥ ካልሽኝ ከማን ላይ ልቀንስ? አንቺ ምረጪና ንገሪኝ።"

ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። የጠፉት ያልተካተቱበትን የመጀመሪያውን ውጤት ላከች።

ሳምንቱ ሳያልቅ ከሚላ መጣች። ከሚላ የፋርሂያ የአጎት ልጅ ናት። ለትምህርት ከገጠር መጥታ በነፋርሂያ ቤት ስላደገች፣ ሁለቱ ባንድ ፍራሽ ሲተኙ ኖረዋል። ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጣ ሊበን ውስጥ፣ ልኬቱ በተሠራበት በዚያው ቀበሌ ተዳረች። አሁን ትንሿን ልጇን ፉዚያን አዝላ፣ ከሰል በጫነ አይሱዙ መጥታ ከቢሮው በር ላይ ቆማለች። ፋርሂያ ከውሃው ሮቶ ሥር ወዳለው ጥላ ወሰደቻት። አካም፣ ናጋ ተባባሉ፤ እንደ ልጅነታቸው በኦሮምኛ ያወሩ ጀመር። ፋርሂያ ውሃ አመጣችላትና ትልቁን ልጇን፣ ሀምዛን፣ ከማን ጋር ትታው እንደመጣች ጠየቀቻት።

"ቀበርነው" አለች ከሚላ።

ፋርሂያ የውሃውን ጆግ እንደያዘች ቀረች። ሀምዛም ቁጥር ነበረው። ከጠፉት ጋር መልሳ ያስገባችው፣ ቀጥሎም መልሳ ያወጣችው ቁጥር። የትኛው እንደሆነ እንኳ አታውቅም።

ከሚላ አላለቀሰችም። የመጣችበት ጉዳይ ሌላ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰብስቧቸው፣ ልጆቻችሁ ስለተሻላቸው ዱቄቱ ቆሟል ብሏቸዋል። ተሻላቸው ያለው ማን እንደሆነ ማወቅ ፈለገች። ፋርሂያ ቢሮው ነው ልትላት አስባ ነበር፤ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ አልቻለችም። እኔ ነኝ አለቻት፤ ዕጣው እንዴት እንደሚወጣ፣ አማካዩ እንዴት እንደሚሰላ በተቻላት መጠን አስረዳቻት።

"ሀምዛ ዕጣው ውስጥ አለ?"

"የለም።"

"ደጋግመን ነው የምናወጣው ብለሽ የለም?"

"ስንቴ ቢደጋገም፣ የሌለ አይወጣም" አለች ፋርሂያ።

ከሚላ ራሷን ነቀነቀች። ፉዚያን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻትና እንግዳ ልጅ እንደምታይ ሁሉ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"ስለዚህ የተከለከልነው ይቺ ደህና ስለሆነች ነው።"

"እሷ ብቻ አይደለችም። የሁሉም ተደምሮ ነው።"

"ሁሉም እናቶች የኔው ጎረቤቶች ናቸው" አለች ከሚላ። "የምላቸውን ይሰማሉ። መልሳችሁ የምትለኩት መቼ ነው?"

የሚመጣው ወር ላይ እንደሆነ ነገረቻት። ከሚላ አንዲት የምትታለብ ፍየል እንደቀረቻት፣ ወተቷ ሁሉ ለፉዚያ እንደሚውል በዝግታ አወራቻት። ከዚያ፣ ወተቱን ከዛሬ ጀምሮ ለፍየሏ ግልገል ብትተወው፣ የፉዚያ ክንድ እስከ ልኬቱ ቀን ይቀጥን እንደሆነ ጠየቀች። ፋርሂያ ምን እየተባለች እንደሆነ የገባት ቆይቶ ነው።

"ከሚላ፣ እንዲህ አይባልም።"

"ድርቁ ከቀጠለ ፍየሏም ትሞታለች፤ ያለ ዱቄት ይቺም ትከተላለች። አሁን ቀድማ ብትከሳ ግን ዱቄቱ ይመጣል። ውሸት ነው?"

ፋርሂያ ስህተቱን ፈለገችው። ቀይ የደረሰ ሕፃን ሁሉ ዱቄት ስላገኘ እንደማይመለስ ታውቃለች። ምንም ካልተደረገ የሚሆነውንም ታውቃለች። የቢሮው በር ክፍት ነበር፤ አቶ ሸዋንግዛው በስልክ ሲስቁ ይሰማል።

ከሚላ የፉዚያን እጅጌ ሰብስባ ክንዷን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ዙሪያውን ያዘችው። ሕፃኗ ጨዋታ መሰላት፤ ሳቀችና ሌላኛውንም ክንዷን ዘረጋችላቸው።

"እስከዚህ?" አለች ከሚላ።

አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። ፋርሂያ ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ የከሚላን ሁለት ጣቶች በጣቶቿ ይዛ፣ ክንዱን አስለቅቃ፣ ጣቶቹ የሠሩትን ቀለበት ትንሽ አጠበበችው።