ፖስተሩ ላይ ያለችው ልጅ

ቬንዴላ ይህን ሥራ ለምና የወሰደችው ለሌላ አይደለም፤ የገዛ ፊቷን ከስዊድኗ ከተማ ከኖርሾፒንግ ግድግዳዎች ላይ ለማውረድ ነው። ልጅ ሳለች ንባብ አልገባ ብሏት ከክፍል ጓደኞቿ ወደ ኋላ ስትቀር «የንባብ እጅ» የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት አስጠናት። ፎቶም አነሳት፤ መጽሐፍ ታቅፋ የተከዘች ልጅ። ፖስተር ሆኖ በየግድግዳው የተለጠፈው ያ ፎቶ ለድርጅቱ ስንት ለጋሽ አመጣለት! ለእሷ ግን «ያቺ ማንበብ ያቃታት» የሚል ስም ነው ያተረፈላት። አድጋ፣ ተምራ፣ እዚያው ተቀጥራም ስሙ አልለቅ አላት። ስለዚህ የድርጅቱ አርማና መልክ ይታደስ ሲባል «እኔ ልምራው» አለች።

ቦርዱ ሲሰበሰብ አዲሱን አርማ ዘረጋችላቸው። ቀለሙ ደመቅ ያለ፣ የሰው ፊት የሌለበት ነው። ሊቀመንበሯ ሲቭ የቀረፋ ዳቦዋን አስቀምጣ አየችው።

«ያምራል። ግን ልጃችን የታለች?»

ምናለ ያኔ «ያ ፊት የኔ ነው፣ አፍሬበታለሁ፣ በቃኝ» ብትል! ግን ያስተማሯት እነሱ ናቸው፤ በምን አፏ? ደግሞስ ስዊድን ውስጥ ስብሰባ መሀል የሆድን ዘርግፎ ሰው ማስጨነቅ አለ እንዴ? ሰበብ ፈለገች።

«ፎቶው አርጅቷል፣ ሲቭ። ልጅቷ እኮ ዛሬ የልጅ እናት ናት።»

ገንዘብ ያዡ ስቴላን ሳቀ። «ምን ታረጃለሽ አንቺ! መነጽር ነው የጨመርሽው።»

«የለም፣ እውነቷን ነው» አለች ሲቭ ፊቷ በርቶ። «አዲስ ፎቶ ያስፈልገናል። ልጅሽ ቱቫ ቁርጥ አንቺን አይደለች? እሷን እናንሳታ! እንዳንቺ ተክዛ፣ መጽሐፍ ታቅፋ።»

ቬንዴላ ክው አለች።

«እንስማማለን?» አለች ሲቭ ውሳኔ የምታጸድቅበትን መዶሻ አንስታ።

«አዎ» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። እዚያ አገር ሊቀመንበር ይህን ሲጠይቅ ሌላ መልስ የለም፤ ሰው ሳያስበው ከአፉ ይወጣል። ከድምፆቹ መሀል አንዱ የራሷ የቬንዴላ ነበር። ወይ ጉድ! ስትሰማው ደነገጠች። መዶሻው ጠረጴዛውን መታ።

«ቆዩ፣ እኔ እኮ...»

ሁሉም ዞረው በፍቅር አዩዋት። በፍቅር! ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ምነው?» አለች ሲቭ።

«ምንም።»

ቤት ስትገባ ሲቭ ቀድማ ደውላ ነግራት ኖሮ ቱቫ በደስታ ትዘላለች።

«እማ፣ አውቶቡስ ላይ ልለጠፍ ነው አይደል? ጥርሴን እያሳየሁ ልሳቅ?»

«አይ፣ የኔ ቆንጆ። ተክዘሽ ነው የምትነሺው፤ ማንበብ እንዳቃታት ልጅ።»

ቱቫ ግራ ገባት። «እኔ እኮ ማንበብ እችላለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የማዝነው?»

ፎቶ አንሺው ነገ ጠዋት ይመጣል። ከስብሰባው ስትወጣ ደውላ የቀጠረችውም ራሷ ቬንዴላ ናት፤ ሥራውን የምትመራው እሷ አይደለች?