ማንም የማይረግጠው እርከን

አናጢው በሰው ቤት የተከበረ፣ በገዛ ቤቱ ግን ያልታመነ ሰው ነበር። ጣጣው ያለው ደረጃው ላይ ነው። ቤታቸው ታችና ላይ አለው። ታች ሳሎኑ፣ ወጥ ቤቱና የሥራ ክፍሉ፣ ላይ ደግሞ መኝታ ቤቶቹ ናቸው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው አናጢው በእጁ የሠራው የእንጨት ደረጃ ነው። ከዚህ ደረጃ ላይ አምስተኛውን እርከን የሚረግጥ የቤተሰብ አባል የለም። ሁሉም አራተኛው ላይ ሲደርሱ መደገፊያውን ያዝ ያደርጋሉ፣ ብድግ ይሉና ስድስተኛው ላይ ያርፋሉ። ልብስ ተሸክመውም ቢሆን፣ በእንቅልፍ ልባቸውም ቢሆን፣ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል። ልጃቸው ገና ሳትወለድ፣ ከቤቱ ጋር የተገዛው አሮጌ ደረጃ አምስተኛው ላይ ተሰንጥቆ ሚስቱን ከነእርግዝናዋ ጥሏት ነበር። ተመስገን ነው፣ ጽንሱም ተረፈ፣ እሷም ከቁርጭምጭሚቷ ስብራት በቀር ደህና ሆነች። አናጢው በዚያው ሰሞን አሮጌውን ደረጃ ነቅሎ ለማገዶ ፈለጠውና ከታች እስከ ላይ አዲስ ሠራ። እንግዲህ አራተኛውም፣ አምስተኛውም፣ ስድስተኛውም ከአንድ ግንድ የወጡ፣ በአንድ መላጊያ የተላጉ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱ ታምነው አንዱ ብቻ ለምን እንደሚጠረጠር ሊገባው አልቻለም።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ነገሩ በተነሳ ቁጥር። የወደቁት እሳቸው አይደሉም፤ ግን ጉልበታቸውን እያመማቸው እንኳ ከሁሉም አስበልጠው ይዘላሉ። ልጅቷማ ትብሳለች። አሮጌውን ደረጃ በዓይኗ አላየችውም፤ ሆኖም መራመድ ስትማር መዝለሉንም አብራ ተማረችው። ትምህርት ቤትም አምስተኛውን እርከን እየዘለለች ስለምትወጣ ጓደኞቿ «ፌንጣ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ድመቷም ትዘላለች። ድመቷን ግን አናጢው ሆን ብላ ነው እያለ ይጠረጥራታል።

ይህን ሁሉ ሆዱ እያወቀ ችሎ ኖረ። መቻል ያቃተው ኢንጂነሯ የመጣች ጊዜ ነው። ሰፈሩ ውስጥ የሚገነባውን ቤተ መጻሕፍት የምታሠራው እሷ ናት፤ የውስጥ ደረጃዎቹ በሙሉ እንጨት ስለሆኑ አናጢ ታፈላልጋለች። አናጢው ዕድሜውን በርና ቁም ሳጥን ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ሽማግሌውም ሕፃኑም የሚወጣበት አንድ ትልቅ ሥራ ሠርቶ ማለፍ ከልቡ ይመኝ ነበር። ኢንጂነሯ ሥራዎቹን ተዘዋውራ አየችና በመጨረሻ እንዲህ አለችው፦

«ቅዳሜ ከሰዓት ቤትዎ መጥቼ የራስዎን ደረጃ ልየው፣ ጋሼ። ሰውን የማውቀው ለራሱ በሠራው ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት አናጢው ቤተሰቡን ደረጃው ሥር ሰበሰበ።

«ዛሬ አምስተኛውን የሚዘል ሰው እንዳላይ» አለ። «እንግዳዋ እንደ አንበጣ ስትዘሉ ካየቻችሁ አለቀልኝ። የገዛ ሚስቱ የማትረግጠውን ደረጃ ለሠራ ሰው ማን ሥራ ይሰጣል? በሉ አሁን እንለማመድ።»

«እሱማ ምን አላት!» አለች ልጅቷ። እየሮጠች ወጣችና ላይ ደርሳ ዞር አለች። «ይኸው፣ ረገጥኩት።»

«የቱን ረገጥሽው? በላዩ አይደል እንዴ የበረርሽው!»

ልጅቷ እግሯን አየችው። «እግሬ እኮ ነው አባዬ። እኔ አይደለሁም።»

ተራው የአማቱ ሆነ። አማቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። «ልጄን የጣለ ነገር ላይ እኔ እግሬን አላሳርፍም።»

«እማማ፣ የጣላት እኮ ይኼ አይደለም። ያንን ፈልጠን አንድደነዋል።»

«ዘመዱ ነው» አሉ አማቱ።

በመጨረሻ ሚስቱ ወጣች። አራተኛው ላይ ደርሳ ቆመች። አምስተኛውን አየችው፣ ቀጥሎ ባሏን አየችው፣ መልሳ አምስተኛውን አየችው። አንድ ነገር ልትለው ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን ዋጥ አደረገችውና «ውሃ ጥጄ ነበር» ብላ ወርዳ ወጥ ቤት ገባች። አናጢውም ተስፋ ቆረጠ። እንግዳዋ እስክትሄድ ድረስ ማንም ሰው ወደ ላይ እንዳይወጣ ብሎ ነገሩን ዘጋው። ድመቷንም ጓሮ አውጥቶ በሩን ቆለፈባት።

ኢንጂነሯ በቀጠሮዋ መጣች። መደገፊያውን ነቀነቀችው፤ ንቅንቅ የለም። ተንበርክካ የደረጃውን ሆድ በባትሪ አየች፣ መጋጠሚያዎቹን በጣቷ ዳሰሰች።

«ምስማር አላየሁም» አለች።

«የለውማ» አለ አናጢው ደረቱን ነፍቶ። «ሁሉም እርስ በርሱ ነው የተጎራረሰው። ዝሆን ቢወጣበት አይነቃነቅም።»

ኢንጂነሯ ፈገግ አለች። የአናጢው ልብ ቅቤ ጠጣ። «እስቲ ላይኛውን ጫፍ ያሳዩኝ» አለችውና ከኋላው ተከተለችው። እሱም ፊት ፊቷ እየወጣ ስለ እንጨቱ አደራረቅ፣ እርጥቡን ቸኩለው ስለሚሠሩ አናጢዎች፣ ትዕግሥት ስለሚባል ነገር ያስረዳት ጀመር። እያስረዳም መደገፊያውን ያዝ አደረገ፣ ብድግ አለ፣ ስድስተኛው ላይ አረፈ።

ኢንጂነሯ አራተኛው ላይ ቆመች።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ይቺን ለምን ዘለሏት?»

አናጢው ዞሮ አየ። በእሱና በእሷ መካከል አምስተኛው እርከን ብቻውን ቀርቷል። «ማን? እኔ?» አለ።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አሉ አማቱ ከወንበራቸው። ቀስ ብለው ነበር ያሉት፤ ግን ቤቱ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ።

ሚስቱ የሻይ ትሪ ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ነበር። «ሁልጊዜ ነው የሚዘለው» አለች።

«አንቺ እኮ ነሽ የምትዘዪው!»

«እኔማ አንተን አይቼ ነው» አለች ሚስቱ። «እግሬ እስኪድን ታች ስተኛ ከረምኩ። ድኜ በአዲሱ ደረጃ ልወጣ ስል፣ አንተ ፊት ፊቴ እየወጣህ አምስተኛውን ዘለልከው። የሠራው ሰውዬ ካልረገጠው አንድ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ እኔም ዘለልኩ። እናቴ እኔን አይታ ዘለለች፤ ልጅቷ እሷን።»

«ታዲያ ያኔውኑ አትጠይቂኝም ነበር?»

«ሙያህን የነካሁብህ እንዳይመስልህ ብዬ ነዋ።»

ይህን ሁሉ ዘመን አላመኑኝም እያለ ሲያኮርፍ የኖረው እሱ፣ አለማመኑን ያስተማራቸውም እሱ።

ኢንጂነሯ ግን አልሳቀችም። «ጋሼ፣ እኔ የማሠራው ደረጃ የሰው ልጆች ናቸው የሚወጡበት። የሚያውቁት ጉድለት ካለ አሁኑኑ ይንገሩኝ» አለች። ባትሪዋንም አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አናጢው ሥራው ከእጁ ሲያመልጥ ታየው። ምናልባት እግሬ ስቶ ነው ብሎ ቢሸነግላት ያልፍለት ነበር፤ ግን የሚስቱ ዓይን ላዩ ላይ ነበረና ውሸቱ አልመጣለትም።

«እንጨቱ ምንም የለበትም» አለ። «እሷ የወደቀች ዕለት እኔ ታች መጋዝ ላይ ነበርኩ። ድምፁን ሰምቼ ስሮጥ እዚህ ጋ ተጋድማለች፣ አትናገርም። ሁለቱንም ያጣኋቸው መሰለኝ። ደረጃውን አፈረስኩት። ቦታውን ግን ምን ላድርገው? እሷ የወደቀችበት ላይ በጫማዬ መቆም አልሆነልኝም። መዝለሌንም ቢሆን፣ ይኸው ዛሬ ገና ነው የማውቀው።»

ሚስቱ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ደረጃውን ወጣች። ኢንጂነሯ ወደ ግድግዳው ተጠግታ አሳለፈቻት። ሚስቱ መደገፊያውን ጨበጥ አድርጋ አንድ እግሯን አምስተኛው ላይ አኖረች። ሁለተኛውን አስከተለች። ዓይኖቿን ጨፍና ቆየችና መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን ገለጠች።

«ይኸው ቆሜያለሁ» አለችው ቀና ብላ። «ምንም አልሆንኩም። ና ውረድ።»

አናጢው ከስድስተኛው ወደ አምስተኛው ለመውረድ የፈጀበት ጊዜ ደረጃውን ከሠራበት የማይተናነስ መሰለው። መጀመሪያ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው፣ ከዚያ ወረደ። እርከኑ ለሁለት ሰው ጠባብ ስለሆነ እንዳይወድቁ ተቃቀፉ። አማቱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ልጅቷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም።

ኢንጂነሯ ባትሪዋን መልሳ አወጣች። ጎንበስ ብላ ከሥር አየች፣ በጣቷም አንኳኳች።

«ሰኞ ጠዋት ሥራው ቦታ እንገናኝ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ፣ ጋሼ። ሠርተው ሲጨርሱ እያንዳንዷን እርከን መጀመሪያ የሚረግጧት እርስዎ ነዎት።»

ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረው ቃል ይኸው ነበር። አናጢው ግን በቅጡ አልሰማውም። ሚስቱ በጆሮው ሌላ ነገር እየነገረችው ነበር።

«ጣቴን ረግጠኸዋል።»

«አውቃለሁ» አላት። እግሩን ግን ቶሎ አላነሳም።