የተገነጠለው ምዕራፍ

«ቀስ! እሱን ቀስ በሉት!»

ወርቂቱ ከቀብር መልስ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ናይሮቢ፣ ላንጋታ መቃብር ላይ አፈሩ ሲመለስ ድምፅ አላወጣችም፤ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ኢስትሊ ሰፈር እስኪያደርሳቸውም አላወጣችም። ሁለት የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሰዎች ለለቀስተኛ ቦታ ለማስፋት የባሏን ኮምፒውተር ሲያነሱት ግን ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ጮኸች።

«ጉድ ነው እኮ!» አለች አንዲት ለቀስተኛ ወደ ጎኗ ዘንበል ብላ፤ ቀስ ያለች መስሏታል። «ባሏን ቀብራ እጇ ሳይደርቅ ለዕቃ ትጮኻለች።»

ቀመሪያ ሰምታ በዓይኗ ገረፈቻት። ቀመሪያ ከፎቁ ሥር የቀሚስ ሱቅ ያላት ጎረቤት ናት፤ ሟቹን ሆስፒታል ያስታመመችውም ከወርቂቱ ጋር አብራ ነው። «እኔ ሱቅ ይገባል፤ ከነኮተቱ። ከሆስፒታል የሰጡሽን ፌስታልም አብሬ አስቀምጠዋለሁ» አለቻት። «አንቺ አልቅሺ።»

አልቅሺ ማለት ቀላል ነው። እንባው የሚመጣበትን ቦታ ፍርሃት ቀድሞ ይዞታል። እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ቁጥር አለ። ባለፈው ሳምንት ያንን ቁጥር ቀይራው ይሁን ረስታው ማስታወስ አልቻለችም። ረስታው ከሆነ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር የሚሠራ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት አንድ ቀን በነዋሪዎቹ ላይ ይወርዳል። ይህን ደግሞ ለማን ይነገራል? ወርቂቱ የሕንፃ ፕላን እንደምትሠራ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ዛሬ ቀበሩት።

ባሏ ወንዳፍራሽ አገር ቤት ሒሳብ አስተማሪ ነበር። ናይሮቢ ሲገባ ዌስትላንድስ ሰፈር ውስጥ ለሚሠራ ሕንፃ ዘበኛ ሆነ፤ የሲሚንቶ ከረጢት ይጠብቃል። አንድ ቀን በቢሮው መስኮት አንድ ወጣት ግድግዳውን በኮምፒውተር እየሳበ ሲያረዝም አየ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረውም። ከመንገድ ዳር ሻጭ የፕላን መሥሪያ ፕሮግራሙን፣ አውቶካድን፣ ያለ አስተማሪ የሚያስተምር ወፍራም አሮጌ መጽሐፍ ገዛ። ሻጩ ለምን እንዳረከሰለት የገባው ቤት ደርሶ ሲገልጠው ነው። ምዕራፍ አሥራ አንድ ከሥሩ ተገንጥሏል።

«ከአሥር ወደ አሥራ ሁለት መዝለል ነው» ብሎ ሳቀ። «ይቺማ ምን አላት!»

ነበራት እንጂ። ምዕራፍ አሥራ አንድ ኮምፒውተሩ መስመሩን ራሱ ለክቶ ልኬቱን ራሱ እንዲጽፍ የሚያዝዘው ትምህርት ነበር። ወንዳፍራሽ ይህን ስላላወቀ፣ ምዕራፍ አሥር ላይ በተማረው የፊደል አጻጻፍ እያንዳንዱን ልኬት በእጁ ይጽፍ ጀመር። የፕላን ሥራ አግኝቶ እቤቱ እየሠራ በፍላሽ መላክ ከጀመረ በኋላ የሌሎችን አሠራር አየና ገባው። ግን ማንን ይጠይቅ? ዲፕሎማ የለው፤ ከጠየቀ ተነቃበት። አፍሮ ሳይጠይቅ የራሱን ሕግ አወጣ። ልኬት በተቀየረ ቁጥር መጽሐፉ መጨረሻ ባሉት ባዶ ገጾች ላይ ይጽፈዋል፤ ፕላኑ ላይ ካረመው በኋላ አጠገቡ በእርሳስ የራይት ምልክት ያደርጋል። እርሳሷ ሁልጊዜ ጆሮው ላይ ናት።

ዓይኑ ሲደክም፣ ኩላሊቱም ሲብስበት፣ ወርቂቱን ወንበሩ ላይ አስቀመጣት። ከስቅለት ወዲህ የምትሠራው እሷ ነበረች፤ እሱ ከኋላዋ ተቀምጦ ያርማታል።

«ቁጥሩ አያውቅም፣ ወርቄ» ይላታል። «ግድግዳውን ብትስቢው ይሳባል። ቁጥሩ ግን እኔ በዘበኝነቴ ዘመን እንደቆምኩት ያው በሩ ላይ ቆሟል። ቤቱ ተሸጦ ቢሄድ አይሰማም።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞላ። ወንዶቹ ደረጃው ላይ ካርታ ይጫወታሉ፤ ሴቶቹ ከፔርሙስ ሻይ እየቀዱ ማንዳዚ የሚሉትን የተጠበሰ ዳቦ ያዞራሉ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሼ መልአኩ ለአዲስ ገቢ ሁሉ ያንኑ ይደግማሉ።

«ያለ አስተማሪ! በአንድ መጽሐፍ! ይኸው ሦስት ዓመት፤ አንድ ስሕተት አገኘሁበት የሚል ካለ እስቲ ይምጣ!»

ወርቂቱ ሻይዋን ሳትቀምስ አስቀመጠች።

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለች ያቺው የትናንቷ ለቀስተኛ። «ምስኪን፣ ኩላሊቴን ኩላሊቴን እንዳለ ያው ኩላሊቱ ወሰደው።»

በዚህ መሐል አንድ ረጅም ሰው አንገቱን ደፍቶ ገባ። ኢንጂነር ሙቱኩ ነው፤ የወንዳፍራሽ አለቃ። ከፍራሹ ፊት በርከክ ብሎ እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«ፖሌ ሳና፣ ማማ» አላት፤ እግዜር ያጥናሽ እንደማለት። የቀረውንም በስዋሂሊ ቀጠለ። «ባልዎ ስሕተት የማያውቅ ሰው ነበር። ነገ ጠዋት የመጨረሻ ሥራውን፣ የሳውዝ ሲውን ቤት ሶሌታ፣ የወለሉን አርማታ፣ እንሞላለን። እንደ መታሰቢያው ነው የምቆጥረው።»

«ነገ?»

«በሁለት ሰዓት። የሲሚንቶ ማደባለቂያው ሳይት ገብቷል።»

ጋሼ መልአኩ እንግዳውን «ሳይቀምሱ አይሄዱም!» ብለው ጎትተው አስቀመጡት።

ነገሩ የሆነው ያለፈው ሳምንት ሰኞ ነበር። የሳውዝ ሲው ቤት ባለቤት ሳሎኑ መሐል የቆመው ምሰሶ ይውጣልኝ አለ። ምሰሶው ሲወጣ ከላይ ያለው አግዳሚ ተሸካሚ፣ ትራቩ፣ ብቻውን ሊሸከም ነው፤ ስለዚህ ኢንጂነሩ ቁመቱ ከሦስት መቶ ሚሊ ሜትር ወደ አራት መቶ ሃምሳ ይደግ ብሎ ለወንዳፍራሽ በስልክ ላከ። ወንዳፍራሽ ያኔ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ለወርቂቱ የነገራት ከአልጋው ላይ ነው፤ መጽሐፉንም ካላመጣሽልኝ ብሎ ራስጌው አድርጓል። ወርቂቱ ብቻዋን ተቀምጣ ትራቩን ሳበችው፤ ወፈረ። ስልክ ጮኸ። «ባለቤትዎ ብሶበታል፣ ቶሎ ይምጡ።» ፍላሹን ነቅላ በር ላይ ለሚጠብቃት መልእክተኛ ሰጥታ ሮጠች። ትራቩን መሳቧን ታስታውሳለች፤ ስልኩንም ታስታውሳለች። በመሐል ቁጥሩን ቀይራው እንደሆነ ግን ምንም ትዝ አይላትም። አልጋው ዘንድ ስትደርስ ወንዳፍራሽ ዓይኑን ገልጦ «ቁጥሯንስ?» አላት። እንዲያርፍ ብላ «አዎ» አለችው።

ዋሸችው እንዴ? ይህን እንኳ አታውቅም።

አሁን ቀመሪያን በቀሚሷ ጫፍ ጎተተቻት። «ሽንት ቤት ውሰጂኝ።»

ደረጃውን ሲወርዱ «ወደ ሱቅሽ» አለቻት።

«አበድሽ? ሳልስት ሳይወጣ? ሰው ምን ይላል!»

«ቀመርዬ ሙች፣ ሰው ሊሞት ነው።»

ቀመሪያ ፊቷን አየችና ያለ ጥያቄ ቁልፏን አወጣች።

ኮምፒውተሩ በተንጠለጠሉ ቀሚሶች መሐል ተቀምጧል። እስኪነሳ ድረስ ወርቂቱ እግዚኦታ ስትቆጥር ቆየች። ፕላኑ ተከፈተ። ትራቩ እንዳሳደገችው ወፍራም ነው። አጠገቡ ያለው ቁጥር ሦስት መቶ ይላል።

ቀመሪያ ምኑንም ባታውቅም ወንበር አቀረበችላት። ወርቂቱ እንደቆመች ቁጥሩን ወደ አራት መቶ ሃምሳ አረመችው፤ ሳይት ያለው ወረቀት ግን ያው የድሮው ነው። ሳይት ላይ ሥዕል በማስመሪያ የሚለካ የለም፤ የሚነበበው ቁጥሩ ነው። አናጺው ቁጥሩን አንብቦ አርማታው የሚፈስበትን የእንጨት ሳጥን ሠርቷል፤ ፌሮ አሳሪውም ቁጥሩን አንብቦ አስሯል። ነገ በሁለት ሰዓት አርማታው ሲወርድበት ስሕተቱን የሚያየው ሰው አይኖርም።

ዝም ብትልስ? ሊችልም ይችላል። ማን ያውቃል? ወንዳፍራሽ ከነስሙ ያርፋል፤ ጋሼ መልአኩም ገና ለተዝካሩ ያንኑ ይደግማሉ። ከተናገረች ግን ነገ ኢስትሊ ሁሉ «ያ ባለ መጽሐፍ ለካ የሚስቱን ሥራ ነበር የሚሸጠው፤ እሱም ስሕተት» ይላል። ከእሱ የቀራት ስሙ ብቻ ነው። ያንን በገዛ አፏ ልትሰብረው ነው። ከዚያ ደግሞ ያን ሳሎን አሰበች፤ መሐሉ ላይ ምሰሶ የሌለውን። አንድ ቤተሰብ እዚያ ምሳ ይበላል።

ደረጃውን ወጣች። ኢንጂነሩ ሊሄድ ተነስቷል።

«ኢንጂነር፣ ነገ አትሙሉ» አለችው በስዋሂሊ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ትራቩ ላይ ያለው ቁጥር የድሮው ነው። ፕላኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። እሱ ቢሆን አይስትም ነበር። እኔ ነኝ የሳትኩት።»

ካርታ የያዘ ሁሉ ካርታውን ይዞ ቀረ።

«ልጄ!» አሉ ጋሼ መልአኩ ደንግጠው። «ሐዘን ነው ይህን የሚያናግርሽ። ተቀመጪ። የባልሽን ስም...»

«ጋሼ፣ በሞቴ ይተዉኝ።»

ኢንጂነሩ ወርዶ ከመኪናው የፕላኑን ወረቀት አመጣና ፍራሹ ላይ ዘረጋው። ማስመሪያውን ትራቩ ላይ አሳረፈ፤ ለካ፤ እንደገና ለካ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ወረቀቱ ጥግ ሄዶ የገዛ ፊርማው ላይ ቆመ። ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ አይነሳም። ደገመ፤ አይነሳም። በሦስተኛው ተነሳ።

«ነገ ሙሌት የለም!» ብሎ ጮኸ። «የለም አልኩህ! አንድ ከረጢት እንዳትፈቱ! የትራቩን ሳጥን አፍርሱት።»

ስልኩን ዘግቶ ግድግዳውን ተደገፈ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሠሩት?» አላት።

«ከስቅለት ወዲህ። አስተማሪዬ እሱ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። ተቆጣ አልተቆጣ፣ ከፊቱ ማወቅ አልተቻለም። «ፖሌ፣ ማማ» አለ እንደገና፤ ወረቀቱን ጠቅልሎ ወጣ። ጋሼ መልአኩ ወደ እሷ ሳያዩ ካርታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ሹክሹክታው ከደረጃው እስከ ጓዳ ተዳረሰ። ወርቂቱ ሰማችው፤ ነገ ደግሞ ከዚህ የባሰ እንደምትሰማ ታውቃለች።

ቀመሪያ የሆስፒታሉን ፌስታል ይዛላት መጣች። «ይሄም ሱቅ ቀርቶ ነበር።» ውስጡ ፒጃማው፣ መነጽሩ፣ መጽሐፉና እርሳሷ አሉ። ከሞተበት ቀን ጀምሮ አልፈታችውም ነበር። መጽሐፉን አውጥታ ከኋላ ገለጠችው። ገጹ ከላይ እስከ ታች በቁጥሮቹና በራይቶቹ ተሞልቷል። ከሁሉም በታች፣ ተንጋዶ፣ አልጋ ላይ በተኛ ሰው እጅ እንዲህ ተጽፏል፦

«ሳውዝ ሲ፣ ትራቭ 450። ወርቄ ታየዋለች።»

አጠገቡ ራይት የለም። ቦታውን ክፍት ትቶላታል።

እንባዋ ያኔ መጣ። እርሳሷን አነሳች፤ ጫፏ ላይ የጥርሱ ምልክት አለ። ክፍቱ ቦታ ላይ ራይቱን አደረገች፤ በጥንቃቄ፣ እሱ እንደሚያደርገው ጅራቱን አርዝማ። መጽሐፉን ዘግታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ጥቁር ነጠላዋን ከላይ መለሰችበት፤ አዲስ ለቀስተኛ በር ላይ ደርሶ ነበርና ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀችለት።