የታጠበው ቱታ

የባሌን በሽታ ስም የነገረን ሐኪሙ ነው፤ ከየት እንደመጣ ግን ነጋሪ አላስፈለገንም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በፋብሪካው ቦይለር ክፍል የእንፋሎት ቧንቧዎችን አስቤስቶስ የሚባል ሙቀት መከላከያ ሲያለብስ፣ ያረጀውን ደግሞ በእጁ እየቦጨቀ ሲያነሳ ኖሯል። ከሥራ ሲመለስ ቅንድቡ ሳይቀር በብናኙ ነጭ ነበር። "ሽማግሌ ነው እንዴ ያገባሁት?" እያልኩ አሾፍበት ነበር። ምላሴን በቆረጠው!

ስንከሰው ፋብሪካው ሽምጥጥ አድርጎ ካደ። "እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ አቧራ አልነበረም፤ ሳንባውን የጎዳው ሲጋራ ነው" ብሎ ለፍርድ ቤት ጻፈ። ባሌ ሲጋራ በአፉ ዞሮ አያውቅም። የአፍንጫ መሸፈኛ ማደል የጀመሩት እሱ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አሁን አልጋ ላይ ሆኖ የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ጥፋቱ የነሱ ነው ሲባል ሰምቼ ልሙት።"

ሐሙስ ዕለት ጠበቃችን ደወለች። ልጄ የምትሆን ሴት ናት።

"እማማ፣ የሥራ ልብሱ አለ?"

"አንድ ቱታ አለ። የመጨረሻ ቀን ለብሶት የመጣውን 'ከእንግዲህ አትልፊ' ብሎ ራሱ በፌስታል ቋጥሮ አልጋ ሥር አስቀምጦታል።"

"ነገ ይዘውልኝ ይምጡ። ዳኛው ፊት የሚቀርብ ማስረጃ ነው።"

ዳኛ ፊት! እኔ አንድ ቀን እንኳ ባሌን በቆሻሻ ልብስ ወደ ሥራ ልኬው አላውቅም። ሰኞ ሰኞ ቱታው ተተኩሶ ስለሚገባ ጓደኞቹ "ሙሽራው" ይሉት ነበር። ፌስታሉን ስፈታው ያ ነጭ ብናኝ ከየኪሱ ቦነነ፤ አፈርኩ። ጓሮ አውጥቼ እንደልማዴ በኃይል አራገፍኩት፤ ዘፈዘፍኩት፤ ሁለቴ በሳሙና አሸሁት። ሲደርቅ ተኮስኩት።

ባሌ ከአልጋው ሆኖ አየኝና፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ደግሞ ልትድሪኝ ነው?" አለ። ለዚህች ቀልድ ሦስት ጊዜ ትንፋሹን ሰበሰበ።

በማግስቱ ጠበቃዋ ቱታውን ዘርግታ አየችውና ፊቷ ተለወጠ።

"አጠቡት?"

"እንዴታ!"

"እማማ... ላብራቶሪ የሚገባው አቧራው ነበር። ሌላ ማስረጃ የለንም።"

እጄን በቆረጠው! ለባሌ የቀረችውን አንዲት ነገር በገዛ ሳሙናዬ አጥቤ ደፋኋት። ስጮህ ሳሉ ያዘኝ፤ ከወራት በፊት የጀመረኝ፣ ጉንፋን ነው ብዬ የናቅሁት ሳል። ውሃ ልትሰጠኝ የተነሳችው ጠበቃ ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች።

"ልብሱን ሁልጊዜ የሚያራግፉት እርስዎ ነበሩ?"

"ሌላ ማን አለ?"

"ፋብሪካው ነበር ማጠብ የነበረበት" አለች ቀስ ብላ። "እማማ፣ ራጅ ይነሱ።"

ተነሳሁ። የባሌን ሳንባ ያየው ሐኪም የእኔንም አየ፤ ከባሌ አቅሙ አይችልም ብሎ ያልወሰደውን የሳንባ ናሙናም ከእኔ ወሰደ። ውጤቱን የነገረኝ ዓይኔን ሳያይ ነው፤ ያው የባሌ በሽታ፣ ከዚያው አቧራ። ደብዳቤውን ለጠበቃዋ ሰጥቼ ወደ ቤት ሄድኩ። እሱን አጫሽ አሉት፤ እኔን ምን ሊሉኝ ነው?

ባሌ ዓይኑን ገለጠ።

"ማስረጃ ተገኘ" አልኩት።

ፊቱ በራ። ስንት ወር ሆኖኛል እንዲህ ሆኖ ካየሁት።

"የት ተገኘ?"

የመጣብኝን ሳል በሻርፔ አፍኜ እስኪያልፍ ጠበቅሁ።

"እዚሁ ቤት ነበር" አልኩት።