ሰባት ዙር በዝምታ

እህቴ አትራክታና እኔ ለዘጠኝ ዓመት አልተነጋገርንም። ምክንያቱ የአሳማ ሥጋ ነው። እናታችን ያረፈች ጊዜ ለለቀስተኛው ሳንድዊች ያዘጋጀችው አትራክታ ነበረች፤ እኔ ደግሞ ለጎረቤታችን ለጆሲ ሥጋው እንደ ጣውላ ደርቋል ብዬ አማሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ጆሲ ወሬ ይዛ ማደር የማትችል ሴት ናት፤ ለቀስተኛው ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ነገሩ አትራክታ ጆሮ ገባ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ስንገጣጠም እሷ የፖስታ ቤቱን ግድግዳ ታያለች፣ እኔ ሰማዩን አያለሁ። ሁለታችንም ሰባን አልፈናል፤ ልብ ግን አልገዛንም።

የአጥቢያችን ሰው በየዓመቱ በሐምሌ ከከተማችን ከሮስኮመን ተነስቶ ክሌር አውራጃ ወዳለው የዓይን ጠበል ይሄዳል። ዘንድሮ ጆሲ አንድ ወሬ አመጣችልኝ። ሞራ የአትራክታን ሁለት ዓይን ጋርዶታል፤ ሰው የምትለየው በድምፁ ነው። ሐሙስ ቀኝ ዓይኗን ቀዶ ጥገና ልትደረግ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ በጣም ስላዘገየሽው እርግጠኛ ሆኜ ተስፋ አልሰጥሽም ብሏታል። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ከሐሙስ በፊት መታረቅ ፈልጌአለሁ፤ ቀድሞ መናገር ግን ሞቴ ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ፤ እኔም ቂሜን ይዤ አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ።

እንደ ፈረደብኝ አትራክታ ከኋላዬ ተቀመጠች፤ ጆሲ ከጎኔ። አባ ኮርማክ ከፊት ሆነው መቁጠሪያውን ያስቆጥራሉ። ሾፌራችን ማላኪ ደግሞ የጸሎቱ አንዱ ምዕራፍ አልቆ ሌላው እስኪጀመር ድረስ ባለችው ክፍተት ከሰዓት በኋላ በሚደረገው የኳስ ጨዋታ ማን እንደተጎዳና ማን እንደሚሰለፍ ያሰማናል፤ አባ ኮርማክም በጥሞና ያዳምጡታል።

"ጆሲ" አለች አትራክታ ከኋላ፣ "ፊት ያለችውን ሴትዮ መስኮቱን ዝጊ በያት። አንገቴን በረደኝ።"

"ጆሲ" አልኩ እኔ፣ "ኋላ ላለችው ሴትዮ ሻርፕ የሚባል ነገር ተፈልስፏል ብለሽ ንገሪያት።"

በመካከላችን ያለው አንድ የወንበር መደገፊያ ነው። ጆሲ ግን ሁለቱንም መልእክት ቃል በቃል አደረሰች፣ ደስ ብሏት። መስኮቱን ዘጋሁት፤ ላለመሸነፍ ያህል ጥቂት ቆይቼ ነው የዘጋሁት።

ጠበሉ ከኮረብታ ሥር፣ ላሞች ከሚግጡበት ሜዳ ዳር ነው። ዙሪያውን የድንጋይ ካብ፣ ከካቡ ውጭ ደግሞ የእግር መንገድ አለው። ሥርዓቱን ከልጅነታችን እናውቀዋለን፤ አባ ኮርማክ ግን አሁንም ደገሙልን። ሰባት ዙር፣ ፀሐይ በምትዞርበት በኩል። አንድ ዙር ባለቀ ቁጥር አንድ ጠጠር ካቡ ላይ ይቀመጣል። አንዲት ቃል የተነፈሰ ሰው ከአንድ ይጀምራል። በተቃራኒው መዞር ደግሞ እርግማን ነው፤ ድሮ ሰው ጠላቱን ለማሳወር የሚዞረው እንደዚያ ነበር ይባላል። ይህን ሲነግሩን ዝናብ ጀመረ፤ ከጉዳይ የቆጠረው ሰው ግን የለም።

ሰባት ጠጠር ለቅሜ መዞር ጀመርኩ። ጠበሉ የዓይን ቢሆንም ሁሉም ለታመመው ጉልበቷ ነው ብሎ ያስባል። እኔ የምዞረው ለአትራክታ ዓይን ነበር። ለጆሲ እንኳ አልተነፈስኩም፤ ለእሷ መንገር በደወል ማሳወጅ ነው።

ስድስት ጠጠር አስቀምጬ ሰባተኛውን ዙር ስጀምር፣ ከጠበሉ ማዶ የአትራክታ ጠጠር ከእጇ አመለጠ። ጎንበስ ብላ ሣሩን ዳበሰች፣ አገኘችው፣ ቀና አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ መጣችበት አዙራ ጉዞዋን ቀጠለች። በተቃራኒው፣ በገዛ ዓይኖቿ ላይ።

ሰዉ ሁሉ አየ፣ ሰዉ ሁሉ ደነገጠ፣ ማንም ግን አልተናገረም። እያንዳንዱ ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ዙር ላይ ነው፤ እያንዳንዱም ቤቱ ያስቀመጠው በሽተኛ አለው። ጆሲ በሁለት እጇ አፏን አፈነች፤ ይህን በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። አባ ኮርማክ በግ እንደሚመልስ ሰው እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ ለማታይ ሴት። ሮጬ እንዳልይዛት ጉልበቴ እሺ አይልም። በእጄ የቀረችው አንድ ጠጠር ናት።

"አትራክታ" አልኩ። "ቁሚ። በተቃራኒው ነው የምትዞሪው።"

ባለችበት ደርቃ ቀረች።

"ፊድልማ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ስንተኛው ላይ ነበርሽ?"

"ሰባተኛው ላይ።"

"አንቺ ጅል። ጉልበትሽስ?"

"ለጉልበቴ አልነበረም" አልኳት። "ላንቺ ዓይን ነበር።"

ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። ዝናቡ በፊቷ ላይ ይወርዳል፤ ዝናብ ብቻ ስለመሆኑ ግን አልምልም።

"እኔንም አናገርሽኝ እኮ" አለች በመጨረሻ። "አሁን ሁለታችንም ከአንድ ነን።" ክንዷን ዘረጋችልኝ።

ተያይዘን ከአንድ ጀመርን። ሁለተኛው ዙር ላይ አትራክታን አላስቻላትም። "እውነት ሥጋው ደርቆ ነበር?" አለችኝ። ደርቆ ነበር አልኳት፤ ጠበል ዳር አይዋሽም።

"አውቃለሁ" አለች። "ለእማ እያለቀስኩ ምድጃ ውስጥ ረሳሁት።"

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በደለችኝ ስል የኖርኩት በዚህ ነበር። ይቅር በይኝ አልኳትና እንደገና ከአንድ ጀመርን።

ከዚያ በኋላም እየዞርን እሷ ስለ ዶሮዎቿ አነሳች፣ እኔ ስለ ምራቴ መለስኩ። አራት ጊዜ ጀምረን ከሦስተኛው ዙር አላለፍንም። ሌሎቹ አውቶቡስ ገብተው ሻያቸውን ከፔርሙስ ይቀዳሉ። ማላኪ ጨዋታው ሊጀመር ነው ብሎ ጥሩምባውን ነፋ። አባ ኮርማክም ወርደው መጡና የጎደለውን ጠበሉ በስሟ የሚጠራው ቅድስት ትሙላው፣ በቃ ግቡ አሉን። ስንመለስ ጆሲ ቦታዋን ለአትራክታ ለቀቀች፤ ሥራ ስለፈታች እስከ ሮስኮመን አኩርፋ ነበር።

ሐሙስ ሆስፒታል የወሰድኳት እኔ ነኝ። ዓርብ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ስትፈታላት አልጋዋ ላይ ተቀምጬ እጇን ይዤ ነበር። አትራክታ ዓይኗን ከፈተች፣ ጨፈነች፣ እንደገና ከፈተች። ከዚያ ፊቴን ረጅም ጊዜ አየችው።

"ፊድልማ" አለችኝ፣ "መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?"

"አንቺ ሳታዪኝ" አልኳት።